ለቀኝ እጅ የተሠራ ሽጉጥ በግራ እጅ ሲያዝ

ሽጉጥ መጀመሪያ የጨበጥኩት ባሕር ዳር ውስጥ በጥበቃ ሥራ ስቀጠር ነው። ማካሮቭ ነበር። አሰልጣኙ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝና «አንሺው» አለኝ። አነሳሁት፤ በግራ እጄ።

«በቀኝሽ!»

ወደ ቀኝ አዛወርኩት። ያን ቀን ስምንት ጥይት ተኮስኩ። ወረቀቱን የነኩት ሁለቱ ናቸው። ስድስቱ ከጀርባ ያለው የአፈር ቁልል ውስጥ ገቡ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ በቀኝ እጄ ታገልኩ። የገላገለኝ ሌላ አሰልጣኝ ነው፤ ጡረታ የወጣ ወታደር። ፊርማዬን ስፈርም አየኝና «ልጄ፣ በግራሽ እየጻፍሽ ለምን በቀኝሽ ትተኩሻለሽ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ግራኝ ሆነው በሥራቸው ምክንያት ሽጉጥ ለሚይዙ ሰዎች ነው። ለጥበቃዎች፣ ለአጃቢዎች፣ ለፖሊሶች፣ ለዒላማ ስፖርተኞች። በአገራችን የጦር መሣሪያ የሚያዘው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ሲኖር ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው ይህን ጽሑፍ ትቶ መጀመሪያ ሕጉን ይጠይቅ። ፈቃድ ያለውም ቢሆን የመጀመሪያ ተኩሱን ብቻውን አይሞክር። አሰልጣኝ አጠገቡ ይኑር።

እጃችሁን አትቀይሩ

እኛ አገር ለግራ እጅ ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ጠዋት ከቤት ስንወጣ «በቀኝ አውለኝ» እንላለን። ነገር ሲጠፋብን «ግራ ገባኝ» ነው የምንለው። እናቴ በግራዬ ስጎርስ እጄን መታ ታደርገኝ ነበር። አልወቅሳትም። ዛሬም መሶብ ላይ የምበላው በቀኜ ነው። ለሰው ዕቃ የማቀብለውም በቀኜ ነው። የመሶብ ወግ ግን ለመሶብ ነው። ሽጉጥ ላይ ስታመጡት ሰው ይጎዳል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ድንገት ስትደነግጡ የሚቀድመው የለመደው እጅ ነው። ጣታችሁ ቃታ ላይ ስንት ግራም ጫና እንዳሳረፈ የሚነግራችሁም እሱ ነው። በቀኝ እጄ በተኮስኩባቸው ሁለት ዓመታት ጣቴ ቃታው ላይ መሆኑን ያወቅኩት ብዙ ጊዜ ወደ ታች ስመለከት ነው። ይህ በጣም አደገኛ ነው። በግራዬ ከጀመርኩ በኋላ ማየት አላስፈለገኝም።

ግራኝነት አዲስ ነገርም አይደለም። ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ ግራኝ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያን ሁሉ ጦር የመሩት ኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ግራኝ» እያለ የሚጠራቸው በእጃቸው ነው። በ1535 ዓ.ም. የወደቁትም ከዚሁ ከጣና በስተምሥራቅ፣ ወይና ደጋ ላይ ነው። የጦር መሣሪያን በግራ እጅ የያዘ የመጀመሪያው ሰው እናንተ አይደላችሁም ለማለት ያህል ነው።

የሽጉጡ ቀኝነት የት ላይ ነው?

ሽጉጡን ባዶ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና በደንብ እዩት። በቀኝ እጁ የሚይዝ ሰው አውራ ጣቱ የሚያርፈው በሽጉጡ ግራ ጎን ነው። ስለዚህ ፋብሪካው በአውራ ጣት የሚነኩትን ነገሮች ሁሉ ግራ ጎን ላይ ደርድሯቸዋል። ሽጉጡ እንዳይተኩስ የሚቆልፈው ምላስ፣ ሴፍቲው፣ እዚያ ነው። የላይኛውን ተንሸራታች ብረት፣ ማለትም ስላይዱን፣ ከፍቶ የሚይዘው ምላስ እዚያ ነው። በብዙ ሽጉጦች ጥይት የሚሞላበትን ካዝና የሚለቀው ቁልፍም እዚያው ነው። ባዶ ቀለህ የሚወጣበት መስኮት ደግሞ በቀኝ በኩል ነው።

እናንተ በግራ እጃችሁ ስትይዙት አውራ ጣታችሁ በቀኝ ጎን ያርፋል። እዚያ ምንም የለም። ግራኝ ሰው «ይሄ ነገር ለኔ አልተሠራም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው።

አሁን አመልካች ጣታችሁን እዩ። ግራ ጎን ላይ፣ ከነዚያ ሁሉ ምላሶችና ቁልፎች አጠገብ ተኝቷል። ቀኝ እጅ ሰው በአውራ ጣቱ ከሚሠራው ውስጥ ብዙውን እናንተ በአመልካች ጣታችሁ ትሠሩታላችሁ። ይህ ደግሞ ትልቅ ጥቅም አለው። አመልካች ጣት ቁልፍ እየነካ ቃታ ላይ ሊሆን አይችልም። ቀኝ እጅ ሰው ካዝና ሲቀይር ጣቱን ከቃታ ማንሳት ሊረሳ ይችላል። ቁልፉ ግራ ጎን ላይ ከሆነ እናንተ ብትፈልጉም አትረሱም። ይህን ያስተዋልኩ ቀን ያ ሁሉ ንዴቴ ወጣልኝ።

አንደኛ፦ ዋና ዓይናችሁን እወቁ

ግራኝ እጅ ያለው ሁሉ ግራ ዓይኑ ዋና ነው ማለት አይደለም። ፍተሻው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ሐይቁ ዳር ቆሜ ነው ያደረግኩት።

ሁለቱን እጆቻችሁን ወደፊት ዘርጉ። መዳፎቻችሁን አደራርቡና በአውራና በአመልካች ጣቶቻችሁ መሃል ትንሽ ቀዳዳ ተዉ። ሁለቱንም ዓይን ከፍታችሁ በቀዳዳው ሩቅ ያለ ነገር ተመልከቱ። እኔ ደብረ ማርያም ደሴት ላይ ያለ አንድ ዛፍ መረጥኩ። አሁን ግራ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ዛፉ ከቀዳዳው ከጠፋ ዋና ዓይናችሁ ግራው ነው። ካልጠፋ ቀኙ ነው።

ግራ ከሆነ እጅና ዓይን ተስማምተዋል፤ ወደ ቀጣዩ እለፉ። ቀኝ ከሆነም እጅ መቀየር አያስፈልግም። ሽጉጥ እንደ ጠብመንጃ ትከሻ ላይ አይደገፍም። ክንዳችሁ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ትንሽ ወደ ቀኝ ዓይናችሁ ፊት ማምጣት ትችላላችሁ። ወይም አገጫችሁን በመጠኑ ወደ ግራ ትከሻችሁ አዙሩ። ያኔ ቀኝ ዓይን ራሱ ከማነጣጠሪያው ጀርባ ይገባል። አንገታችሁን ግን አትስበሩ። ያማል፣ ቶሎም ያደክማል።

ሁለተኛ፦ አጨባበጥ

አሰልጣኝ የሚያሳየውን አጨባበጥ በመስታወት እንደምታዩት አድርጋችሁ ገልብጡት። ግራ እጃችሁ እጀታውን ከፍ አድርጎ ይያዝ። ቀኝ እጃችሁ ከፊት ዞሮ የግራ ጣቶቻችሁን ይጠቅልል። የቀኝ መዳፋችሁ ሥጋ በእጀታው ቀኝ ጎን የቀረውን ባዶ ቦታ ይሙላ። ሁለቱም አውራ ጣቶች በቀኝ ጎን ወደፊት ይጠቁሙ።

አንድ ነገር አደራ። ቀኝ አውራ ጣታችሁ በግራ እጃችሁ ላይ ተሻግሮ ከስላይዱ ጀርባ እንዳይቀመጥ። ቀኝ እጅ ሰዎችን እያየ የተማረ ግራኝ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጣቱን የት እንደሚያደርገው ግራ ይገባውና ከኋላ ያስቀምጠዋል። ስላይዱ ጥይት በተተኮሰ ቁጥር ወደ ኋላ ይወረወራል። እኔ አውራ ጣቴ ሥር ሁለት ትይዩ ጠባሳ አለኝ። ልክ በምላጭ የተሰመረ ይመስላል። የስላይዱ ሁለት ጠርዞች ናቸው የሠሩት። በአንድ ጥይት።

ባሕር ዳር ሞቃት ነው። በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት እጅ ያልባል። ያላበው እጅ ደግሞ ሽጉጡን በእያንዳንዱ ተኩስ በትንሽ በትንሹ ያንሸራትተዋል። ደረቅ ጨርቅ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ከእያንዳንዱ ካዝና በፊት እጃችሁንም እጀታውንም ጥረጉ።

የውድድር ሽጉጥ ላይ ሌላ ችግር አለ። እጀታው ለቀኝ መዳፍ ተቀርጾ የተሠራ ሊሆን ይችላል። እሱን ተላመዱት አልልም። የግራ እጀታ ስለሚሠራ እሱን ጠይቁ።

ሦስተኛ፦ ሴፍቲው

ከሁሉም አስቸጋሪው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ማካሮቭ ላይ ሴፍቲው ከስላይዱ ግራ ጎን፣ ከኋላ ነው። ምላሱ ወደ ላይ ሲሆን ተቆልፏል። ወደ ታች ሲወርድ ለተኩስ ዝግጁ ነው፤ ቀይ ነጥቧም ትታያለች። ቀኝ እጅ ሰው ይህን በአውራ ጣቱ ጫን ያደርገዋል። የእናንተ አመልካች ጣት ግን እስከዚያ ድረስ ወደ ኋላ አይደርስም። ለመድረስ ስትታገሉ ጭብጣችሁ ይፈርሳል፣ አፈሙዙም ይዞራል።

ስለዚህ ቀኝ እጃችሁን ተጠቀሙ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

ግራ እጃችሁ ጨብጦ ይያዝ። አመልካች ጣታችሁ ከቃታው ውጪ፣ በሽጉጡ ግራ ጎን ቀጥ ብሎ ይተኛ። አፈሙዙ ወደ ዒላማው ይመልከት። ቀኝ እጃችሁን ከጀርባ በኩል አምጡና በስላይዱ የኋላ ጫፍ ላይ ከላይ አሳርፉት። ጣቶቻችሁ በግራ ጎን ይወርዳሉ። የቀኝ አመልካች ጣታችሁ ጫፍ ምላሱ ላይ ያርፋል። ለመክፈት ወደ ታች ጫን አድርጉት። ለመቆለፍ ከሥሩ ደግፋችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ከዚያ ቀኝ እጃችሁ ወደ ቦታው ይመለስ።

ቀኝ እጃችሁ በምንም ዓይነት በአፈሙዙ ፊት አይለፍ። ሁልጊዜ ከጀርባ መጥቶ በጀርባ ይመለስ። አሰልጣኜ ይህን ሲያስተምረኝ በአፈሙዙ ፊት ክር ገትሮ ነበር። ክሩን የነካሁ ቀን ስልጠናው ያበቃል። ሦስት ቀን ተከታታይ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በአራተኛው ቀን አልነካሁም።

ማካሮቭ ሲቆለፍ ተወጥሮ የቆመውን መዶሻ ራሱ በደህና ያወርደዋል። ድምፁ ያስደነግጣል፤ አትደንግጡ፣ ግን ጣታችሁ ቃታ ላይ አይሁን።

አንዳንድ ግራኞች አውራ ጣታቸውን በሽጉጡ ጀርባ አሻግረው ምላሱን ይነካሉ። እጁ ትልቅ የሆነ ሰው ይችላል። እኔ አልወደውም። ጣት ከስላይዱ ጀርባ የመቆየት ልማድ ያመጣል፤ ጠባሳዬን ነግሬያችኋለሁ።

ቶካሬቭ ከሆነ የያዛችሁት የተለመደው ሞዴል የእጅ ሴፍቲ የለውም። መዶሻውን በግማሽ ማቆም ብቻ ነው ያለው። መዶሻውን በጣት ይዞ ማውረድ ደግሞ ለቀኝ እጅ ሰውም አደገኛ ነው። በርሜሉ ውስጥ ጥይት ሳይኖር መታጠቅ ይሻላል።

አራተኛ፦ ካዝና

እዚህ ላይ ማካሮቭ ደግ ነው። የካዝና መያዣው ከእጀታው ሥር፣ ከኋላ ስለሆነ ግራና ቀኝ አይለይም። በቀኝ አውራ ጣታችሁ ወደ ኋላ ገፋ ታደርጉና በዚያው እጅ ካዝናውን ትስባላችሁ።

ቁልፉ ከቃታው ጀርባ በግራ ጎን ከሆነ፣ እንደ ቶካሬቭ ወይም እንደ ኮልት፣ አመልካች ጣታችሁን ከጎን ወደ ኋላ ስባችሁ ተጫኑት። አመልካች ጣቱ አጭር ከሆነ መሃል ጣት ያግዛል። ጥቂት ቀን ስትለማመዱት ከቀኝ እጅ ሰው ልትፈጥኑ ትችላላችሁ። ቀኝ እጅ ሰው አውራ ጣቱን ለማድረስ ብዙ ጊዜ ጭብጡን ያዞራል፤ እናንተ አታዞሩም።

ትርፍ ካዝና በቀኝ ወገባችሁ ይሁን። ጥይቶቹ ወደ ፊት ይመልከቱ። ቀኝ አመልካች ጣታችሁ በካዝናው ፊት ለፊት ተዘርግቶ ሲያወጣው አፉን በዳሰሳ ታገኙታላችሁ፤ ማየት አያስፈልግም።

አምስተኛ፦ ስላይዱን መሳብና ማቆም

ስላይዱን የምትስቡት በቀኝ እጃችሁ ነው። ለማቀባበልም ሆነ ባዶ ለማድረግ ያው ነው። ማካሮቭ ሴፍቲው ተቆልፎ ሳለ ስላይዱ አይንቀሳቀስም፤ መጀመሪያ ምላሱ ይውረድ።

ግራኝ ብቻ የሚገጥመው አንድ ችግር አለ። መዳፋችሁን ከላይ አድርጋችሁ ስትስቡ የቀኝ እጃችሁ አውራ ጣት በኩል ያለው ሥጋ በቀኝ ጎን ያርፋል። ቀለህ የሚወጣበት መስኮት ደግሞ በቀኝ ነው። እጃችሁን ወደ ፊት ካስጠጋችሁ መስኮቱን ትከድኑታላችሁ። የሚወጣው ጥይት ወይም ቀለህ መዳፋችሁን መትቶ ተመልሶ ይገባል። ከዚያ ሽጉጡ ይነክሳል፣ እናንተም «ሽጉጡ አበላሸ» ትላላችሁ። እጃችሁ ከመስኮቱ ኋላ፣ ጎድጎድ ያሉ መስመሮች ያሉት መያዣ ላይ ብቻ ይረፍ። ቦታው ካልበቃችሁ በአውራና በአመልካች ጣት ከጀርባ ቆንጥጣችሁ ሳቡ።

ስላይዱን ከፍቶ ለማቆም ግን ግራኝ ዕድለኛ ነው። ቀኝ እጃችሁ ወደ ኋላ ይስባል፤ ግራ አመልካች ጣታችሁ የስላይዱን ምላስ ወደ ላይ ይገፋል። በቃ። ለመልቀቅ ምላሱን በጣት ለመጫን አትታገሉ። ስላይዱን በቀኝ እጃችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ሳቡና ልቀቁት። አብራችሁ አትሂዱ፤ ልቀቁት።

ባዶ መሆኑን ስታረጋግጡ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። መጀመሪያ ካዝናው ይውጣ። ቀጥሎ ስላይዱ ተስቦ ይቁም። ከዚያ ሽጉጡን ወደ ግራ አዘንብሉት፤ መስኮቱ ወደ ሰማይ ይመለከታል፤ በርሜሉ ውስጥ በዓይናችሁ እዩ። ቀጥሎ በቀኝ ትንሿ ጣታችሁ ዳስሱ። ማካሮቭ ካዝናው ወጥቶም በርሜሉ ውስጥ ጥይት ካለ ይተኩሳል። «ካዝናውን አውጥቼዋለሁ እኮ» የሚለው ንግግር ስንት ቤት ለቅሶ አስገብቷል።

ስድስተኛ፦ ቃታና የጥይቱ አድራሻ

ቃታውን በአመልካች ጣታችሁ የመጀመሪያ አንጓ ሥጋ ሳቡ። ቀጥታ ወደ ኋላ፣ ሳትቸኩሉ።

ጀማሪ ቀኝ እጅ ሰው ቃታውን ሲነጥቅ ጥይቱ ወደ ታችና ወደ ግራ ይሄዳል። አሰልጣኞች የሚይዙት የስህተት ሰንጠረዥ በዚህ ላይ የተሠራ ነው። ግራኝ ሲነጥቅ ግን የሚሄደው ወደ ታችና ወደ ቀኝ ነው። አሰልጣኜ መጀመሪያ ሰንጠረዡን እንዳለ ሲያነብልኝ «ጣትሽ ቃታው ላይ በዝቷል፣ ቀንሺ» አለኝ። ቀነስኩ፤ ባሰብኝ። ሰንጠረዡን መስኮት ላይ ለጥፈን ከጀርባ በኩል ስናነበው ነው የገባን። እናንተም እንዲህ አድርጉ፤ ወረቀቱን ገልብጡት።

ለልምምድ አንድ ብር ሳንቲም ይበቃል። ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ሁለት ጊዜ ከተረጋገጠ በኋላ ሳንቲሙን የፊት ማነጣጠሪያው አጠገብ፣ ስላይዱ ላይ አስቀምጡ። ቃታውን ሳቡ። ሳንቲሙ ከወደቀ እጃችሁ ነጥቋል። አሥር ጊዜ ሳይወድቅ እስኪሆን ድረስ ጥይት አታባክኑ።

የተኩስ መስመር ላይ

ቦታ ሲሰጣችሁ የመስመሩን የቀኝ ጫፍ ጠይቁ። ስላይድ በቀኝ እጅ ስትስቡ አፈሙዙ ሳይታወቃችሁ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ቀኝ እጅ ሰው ላይ ወደ ግራ ነው የሚሸሸው። ጫፉ ላይ ከሆናችሁ በቀኛችሁ ሰው የለም። ይህ ማለት መሸሽ ይፈቀዳል ማለት አይደለም። ሰውነታችሁን ሳታዞሩ፣ ክርናችሁን ወደ ሆዳችሁ አስጠግታችሁ ሳቡ።

ቀለህ ወደ ቀኝና ወደ ኋላ ይወረወራል፤ ትኩስ ነው። ኮሌታ ይዘጋ። መነጽር ይደረግ። ጆሮ ይሸፈን፤ የሽጉጥ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው፣ አንድ ጊዜ የሄደ መስማት አይመለስም። ቀለህ አንገታችሁ ውስጥ ከገባ ሽጉጡን ወደ ዒላማው አድርጋችሁ ቁሙ፤ ጣት ከቃታ ውጪ። ይቃጠል። ሽጉጥ ይዛችሁ ከመዝለል ትንሽ መቃጠል ይሻላል።

ቤት ውስጥ ልምምድ

እኔ በእውነተኛው ሽጉጥ ቤት ውስጥ መለማመድ አልወድም። ልጆች ይገባሉ፣ ጎረቤት ይመጣል። አንድ አናጢ ከዋንዛ እንጨት ሠራልኝ። መጠኑን በወረቀት ስዬ ሰጠሁት። ሴፍቲው ያለበት ቦታ ላይ ትንሽ ጉብታ፣ የስላይድ ምላሱ ያለበት ላይ ሌላ ጉብታ እንዲያደርግልኝ ነገርኩት። እንጨቱ ጥርት ብሎ ተሠራ። ጉብታዎቹ ግን ቀኝ ጎን ላይ ነበሩ። «ለግራ እጅ ነው ስትይ ገለበጥኩልሽ» አለኝ። ልቡ መልካም ነበር። እውነተኛው ሽጉጥ ግን እንደማይገለበጥልኝ አስረድቼው ድጋሚ ሠራልኝ።

በዚያ እንጨት ማታ ማታ አሥር ደቂቃ ተለማመድኩ። ማውጣት፣ ቀኝ እጅ ከጀርባ፣ ምላስ ወደ ታች፣ መመለስ፣ ምላስ ወደ ላይ። ዓይኔን ጨፍኜ ጭምር። ሁለት ወር ገደማ ፈጀብኝ እጄ ሳያስብ እስኪያደርገው።

እንጨቱን ደማቅ ቢጫ ቀለም ቀቡት። ከቤት ይዛችሁት አትውጡ። በዚህ ጊዜ ሽጉጥ የሚመስል ነገር ይዞ ጎዳና ላይ መታየት ለማንም አይበጅም።

አፎቱ

ሽጉጡ የሚቀመጥበት ቆዳ፣ አፎቱ፣ ብዙ ጊዜ ለቀኝ ወገብ ተሰፍቶ ነው የሚመጣው። በግራ ወገባችሁ ስትታጠቁት እጀታው ወደ ፊት ይዞራል። ያኔ ለማውጣት እጅ ይጠመዘዛል፣ አፈሙዙም የራሳችሁን ጎን ይጠርጋል። በቀኝ አፎት አትሥሩ። መሥሪያ ቤታችሁ የግራ ከሌለው ጥሩ ቆዳ ሠሪ ዘንድ ሂዱ፤ ያለውን አፎት አሳዩትና «ይህን ገልብጠህ ሥራልኝ» በሉት። ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ተቆጣጠሩ። ቆዳው ቃታውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍን። መያዣ ማሰሪያው ደግሞ በግራ አውራ ጣት የሚከፈት ይሁን። ማሰሪያው ሴፍቲውን እየጎተተ የሚከፍት ከሆነም አትቀበሉት፤ ሃያ ጊዜ አስገብታችሁና አውጥታችሁ ምላሱን እዩ።

ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበት በተለይ በክረምት ቆዳ ውስጥ ይቀመጣል። ሽጉጥ እርጥብ አፎት ውስጥ ካደረ በማግሥቱ ዝገት ይጀምረዋል። ግራኝ ሲታጠቅ ደግሞ ከሰውነቱ ጋር የሚገናኘው የሽጉጡ ቀኝ ጎን ስለሆነ ላቡ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ማታ ማታ በዘይት በነካ ጨርቅ ያን ጎን ቀድማችሁ ጥረጉ።

መምረጥ ከቻላችሁ

አብዛኞቻችን የተሰጠንን ነው የምንይዘው። ምርጫ ያለው ሰው ግን ሁለቱንም እጅ የሚያስተናግድ ይጠይቅ። ቤሬታ 92 ኤፍኤስ ሴፍቲው በሁለቱም ጎን አለ። ግሎክ ከአራተኛው ትውልድ ጀምሮ የካዝና ቁልፉ ወደ ሌላው ጎን ይዛወራል፤ አምስተኛው ላይ የስላይድ ምላሱም በሁለቱም ጎን ሆኗል። ቁልፉን ማዛወር የባለሙያ ሥራ ነው። ካዛወራችሁ በኋላ ደግሞ በአንድ ሽጉጥ የምትፈራረቁ ጓደኞቻችሁን ንገሯቸው።

ሪቮልቨር ከሆነ የጥይት ከበሮው ወደ ግራ ስለሚከፈት በግራ እጅ መሙላት ያስቸግራል። ለመሙላት ሽጉጡን ወደ ቀኝ እጅ አዛውሩና ሞልታችሁ መልሱ።

ፈረቃ ስታስረክቡ

የኛ ሥራ ፈረቃ ነው። ሽጉጡን ከኔ የሚረከበው ልጅ ቀኝ እጅ ነው። ሴፍቲው የት እንዳለ እኔ በቀኝ ጣቴ፣ እሱ በአውራ ጣቱ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ «ተቆልፏል» በሚል ቃል ብቻ አንረካከብም። ካዝናውን አወጣለሁ። ስላይዱን ከፍቼ አቆማለሁ። ወደ ግራ አዘንብዬ አያለሁ፤ በትንሿ ጣቴ እዳስሳለሁ። ከዚያ እሱም ያያል። «ባዶ ነው» ይላል፤ «ባዶ ነው» እላለሁ። ካዝናው ለብቻው፣ ሽጉጡ ለብቻው። ሽጉጡን አፈሙዙ ወደ መሬት፣ ስላይዱ እንደተከፈተ አቀብለዋለሁ፤ በቀኝ እጄ።